«ኢክስፐንጅ» ሆነ ሲባል ምን ተሰረዘ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ከዓመታት በፊት ተይዞ ክስ ተመሥርቶበት ነበር። ፍርድ ቤት ተመላልሶ ነገሩ አለፈ። ሰሞኑን ከጠበቃው ደብዳቤ ደረሰን። ሪከርዱ ‹ኢክስፐንጅ› ሆኗል ይላል። መዝገበ ቃላት ገልጬ ባይ ‹መደምሰስ፣ ማጥፋት› የሚል አገኘሁ። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? እንዴት ይነበባል? ከየት መጣ? ከኢሬዝና ከዲሊትስ በምን ይለያል? ልጄ አሁን የዜግነት ማመልከቻ ሊያስገባ ነው። ‹ተይዤ አላውቅም› ማለት ይችላል?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ አይቆይም። አይችልም። ፎርሙን ገና ካላስገባ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ያሳዩት። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው አብራራለሁ። የጠየቁኝ ስለ ቃሉ ነውና መንገዴ በቃሉ በኩል ነው። ደግሞም የልጅዎ ጉዳይ ያለው እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው። እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን ይህች ቃል «ጠፍቶልሃል» ተብላ ስትተረጎም ሰው ላይ የምታመጣውን ጣጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፋትም።

አነባበቡ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በኢ፣ በኤክስ፣ በፒ፣ በዩ፣ በኤን፣ በጂ እና በኢ ነው። ብዙ ሰው ዩን አይቶ «ኤክስፑንጅ» ይለዋል። ድምፁ ግን «ኡ» አይደለም። ወደ እኛ ግዕዝ ድምፅ፣ ማለትም «በር» ስንል በ ላይ ወዳለችው ድምፅ ይጠጋል። ስለዚህ «ኢክስፐንጅ» ነው። ጉልበቱ «ፐንጅ» ላይ ያርፋል፤ ፊተኛው «ኢክስ» በለሆሳስ ያልፋል። ፐ ደግሞ የላላች ናት፤ «ጰ» ብለው አያፈንዷት። መጨረሻው የጅማ ጅ ነው። የመጨረሻዋ ኢ አትነበብም። አንድ መላ ልስጥዎት። የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ እንግሊዞቹ ራሳቸው የሚጠሩት «ስፐንጅ» ብለው ነው። ከፊቱ «ኢክ» ይጨምሩበት፤ ቃሉን በትክክል አሉት ማለት ነው። ያለፈ ጊዜው «ኢክስፐንጅድ» ነው፤ መጨረሻ ላይ «ኤድ» የሚባል ተጨማሪ ድምፅ የለም። ስሙ «ኢክስፐንጅመንት» ነው። ዳላስና ሂውስተን ላሉ ወገኖች፦ የቴክሳስ ሕግ «ኢክስፐንክሽን» ይለዋል። ሰሜን ካሮላይናም እንደዚያው። ቃሉ ያው ነው፤ ሌላ ነገር መስሏችሁ አትደናገጡ። ይልቅ ከ«ኢክስፓንድ» ጋር አትቀላቅሉት፤ እሱ ማስፋፋት ነው።

አሁን ወደ ምንጩ እንግባ። ቃሉ ላቲን ነው። «ኤክስ» ማለት ወደ ውጭ ነው። «ፑንጌሬ» ማለት መውጋት ነው፤ በሹል ነገር ጠቅ ማድረግ። ሲገጣጠሙ «ወግቶ ማውጣት» እንደ ማለት ይሆናል። የሚወጋው ሰው አይደለም፤ ስም ነው። ሮማውያን የስም ዝርዝር ይዘው አንዱን ከዝርዝሩ ማውጣት ሲፈልጉ ከስሙ ላይ ወይም ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበታል። ወታደር ከአገልግሎት ሲሰናበት፣ ዕዳ ተከፍሎ ሲያልቅ ይህንኑ ግስ ይጠቀሙ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ጸሐፊዎችም ልማዱን ይዘው ቀጠሉ። በስሕተት የተጻፈ ቃል ሲያገኙ ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ነጥብ ያኖሩበታል። ነጥብ ያለበትን አትቁጠር፣ ዝለለው ማለት ነው። ብራናው አይላጭም፣ ቀለሙ አይነካም። አንባቢ ከፈለገ የተዘለለውን ቃል ማንበብ ይችላል።

ልብ ይበሉልኝ። በቃሉ ሥር ያለው ሐሳብ ማጥፋት አይደለም። «ይህ ከእንግዲህ አይቆጠርም» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው።

ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ዘመዶቹን ያውቋቸዋል። የጎማ «ፓንክቸር»፣ ነጥብ የሚለው «ፖይንት»፣ ሥርዓተ ነጥብ የሚሉት «ፐንክቹዌሽን»፣ ሰዓት አክባሪ የሚሉት «ፐንክቹዋል»፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታን የሚገልጹበት «ፐንጀንት» ሁሉም ከዚያው ከመውጋት የወጡ ናቸው። ስፖንጅ ግን ዘመድ አይደለም። ድምፁ ስለተመሳሰለ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «በስፖንጅ ጠርጎ ማጥፋት» ይመስለዋል፤ የቃሉ ትርጉም ወደ «ጠራርጎ ማስወገድ» እንዲያዘነብል ይህ መመሳሰል ሳያግዝ አልቀረም። በእርግጥ የሮም ጸሐፊዎች በፓፒረስ ላይ ያለ ቀለም በስፖንጅ ያጥቡ ነበር። አውግስጦስ ቄሳር አያክስ ስለሚባለው ጀግና ተውኔት ጀምሮ ስላላማረው አጠፋው ይባላል። አያክስ በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ የሞተ ጀግና ነው። ተውኔቱ የት ደረሰ ብለው ሲጠይቁት፣ አያክሴ ስፖንጁ ላይ ወደቀ ብሎ መለሰ ይላሉ። ያ መታጠብ ግን ሌላ ግስ ነው።

ኢሬዝና ዲሊትን በአጭሩ ላንሳቸው። «ኢሬዝ» ከላቲን «ራዴሬ» የመጣ ነው፤ መፋቅ፣ መላጨት ማለት ነው። የጢም መላጫው «ሬዘር» ከዚያው ቤት ነው። አሜሪካኖች መጨረሻውን በስ «ኢሬስ»፣ እንግሊዞች በዝ «ኢሬዝ» ይሉታል። የኛ «ፋቀ» ልክክ ይልለታል። ብራና የሚያዘጋጀውን ባለሙያ ብራና ፋቂ እንለዋለን፤ ጸሐፊም የተሳሳተውን በቢላ ይፍቀዋል። «ዲሊት» ከላቲን «ዴሌሬ» ነው፤ ማጥፋት፣ ማውደም። ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ ምክንያት ቀለል ያለ የየቀን ቃል ሆኗል። «ኦብሊተሬት» የሚባል ጠንካራ ግስም አለ፤ ምልክት እስከማይቀር መደምሰስ ነው። ኢክስፐንጅ ከነዚህ ሁሉ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ፣ ዝርዝር ወይም ቃለ ጉባኤ ስለሚፈልግ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰሌዳ ኢክስፐንጅ አያደርግም፤ ሰሌዳ ኢሬዝ ይደረጋል። የሕንድ ፓርላማ አፈ ጉባኤ የአንድን አባል ያልተገባ ንግግር ከቃለ ጉባኤ እንዲወጣ ሲያዝ ግን ቃሉ ኢክስፐንጅ ነው። ንግግሩ መነገሩን ሁሉም ሰምቷል፤ ከመዝገቡ ብቻ ይወጣል።

ይህን ልዩነት በግልጽ የሚያሳይ አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። ጊዜ ልውሰድበት፤ የልጅዎን ደብዳቤ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በላይ ያብራራዋልና።

ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ከዩናይትድ ስቴትስ ባንክ ጋር ከባድ ጠብ ውስጥ ነበሩ። በ1833 የመንግሥትን ገንዘብ ከባንኩ እንዲወጣ አደረጉ። በሴኔት ብልጫ የነበራቸው ተቃዋሚዎቻቸው ሥልጣኑን አልፏል ብለው ማርች 28 ቀን 1834 ፕሬዚዳንቱን በውሳኔ ወቀሱ። ውሳኔውም በሴኔቱ የዕለት መዝገብ ላይ ሰፈረ። የሚዙሪው ሴናተር ቶማስ ሃርት ቤንተን የጃክሰን ወዳጅ ነበሩ። ይህ ወቀሳ ከመዝገቡ ኢክስፐንጅ ይደረግ ብለው ተነሡ። ለምክር ቤቱ ደጋግመው አቀረቡ፤ ደጋግመውም ተሸነፉ። ክርክሩ ታዲያ ስለ ጃክሰን ብቻ አልነበረም። ስለዚችው ስለኛ ግስ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ሕገ መንግሥቱን ጠቀሱ። እያንዳንዱ ምክር ቤት የሥራውን መዝገብ ይያዝ ይላል፤ ይያዝ የተባለን መዝገብ እንዴት ታጠፋላችሁ አሉ። እውነት ነው፤ ኢክስፐንጅ ማለት ማጥፋት ከሆነ ሕገ መንግሥት መጣስ ነው። መፍትሔው የተገኘው ወደ ቃሉ ጥንታዊ ጠባይ በመመለስ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1837 ሴኔቱ በ24 ለ19 ድምፅ ወሰነ። የሴኔቱ ጸሐፊ የ1834ቱን በእጅ የተጻፈ መዝገብ አስመጡ። በወቀሳው ጽሑፍ ዙሪያ ጥቁር መስመር አሰመሩ። በላዩም በሴኔቱ ትእዛዝ ኢክስፐንጅ መደረጉን ከነቀኑ ጻፉበት።

ገጹ አልተቀደደም። ጽሑፉ አልተፋቀም። ዛሬም በጥቁር መስመር ታጥሮ ይነበባል።

የልጅዎም መዝገብ ነገር እንደዚሁ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ኢክስፐንጅመንትን ሲተረጉም ከሕዝብ ዕይታ ማስወገድ ብሎ ነው። መንገዱን ሲዘረዝር ማጥፋትን ይጠቅሳል፤ ከሱ ጎን ግን መዝገቡን ለብቻው ወደሚጠበቅ ቦታ ማዛወርንም ያስቀምጣል። እዚያ ቦታ ሕጋዊ ምክንያት የሌለው ሰው አይገባም። ሕጋዊ ምክንያት ያለው ግን አለ ማለት ነው። በሌሎች ክፍላተ ሀገር ቃሉ ሌላ ሌላ መልክ ይይዛል። ሚኒሶታ ውስጥ ኢክስፐንጅመንት የሚሉት በተግባር መዝገቡን ማሸግ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው ሁሉ ኢክስፐንጅ ይበለው እንጂ ሕጉ የሚለው ክሱን ውድቅ ማድረግ ነው፤ ሪከርዱ ላይ ጥፋተኝነቱ ይታያል፣ ከጎኑ ውድቅ መደረጉ ይጻፋል። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ያለ ዘመድ «የኔ እንዲህ ነበር» ቢልዎት ለሜሪላንድ አይሠራም። የፌዴራል ክስ ከሆነማ ጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ኢክስፐንጅ የሚያደርግ አጠቃላይ ሕግ ጭራሽ የለም።

እንግዲህ ወደ ዜግነቱ ፎርም እንመለስ። ኤን-400 የሚባለው ፎርም የሚጠይቀው ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ብቻ አይደለም። ተይዘህ፣ ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። መዝገቡ የታሸገ ወይም ኢክስፐንጅ የተደረገ ቢሆንም መናገር ግዴታ መሆኑን ያስታውቃል። ልጅዎ ተይዞ ስለነበር መልሱ «አዎ» ነው። ክሱ ውድቅ ቢሆንም «አዎ» ነው። የጣት አሻራ ሲሰጥ የፌዴራሉ መንግሥት የራሱን ፋይል ያያል፤ የክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት ያወጣው ትእዛዝ የፌዴራሉን ዓይን አይጋርድም። እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በቀድሞው ክስ አይደለም። ቀላል የነበረን ነገር በመካዱ ነው። በቃለ መሐላ ሐሰት መናገር ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ያሳጣል።

ቀጥሎ የሚነሳው ነገር ጠለቅ ይላል። ነገሩ አለፈ ብለዋል። እንዴት አለፈ? ዓቃቤ ሕግ ክሱን ትቶ ወይም ዳኛ ውድቅ አድርጎት ከሆነ ጥፋተኝነት የለም፤ መያዙን ተናግሮ ወረቀቱን ማቅረብ ይጠበቅበታል። ግን ልጅዎ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ ዳኛውም በገደብ ወይም በሌላ መልክ የሆነ ቅጣት ጥሎበት፣ በኋላ ተሰርዞለት ሊሆንም ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው የኢሚግሬሽን ሕግ ይህ እንደ ጥፋተኝነት ውሳኔ ይቆጠራል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1999 ሮልዳን በሚባለው ጉዳይ ላይ አቋሙን በግልጽ አስቀምጧል። ሰውየው ስለታረመ ተብሎ በክፍለ ሀገር ሕግ የተሰረዘ ጥፋተኝነት ለኢሚግሬሽን እንዳልተሰረዘ ነው። በ2003 ደግሞ ፒከሪንግ በሚባለው ጉዳይ ልዩነቱን አብራራ። ፍርዱ የተነሳው ከመጀመሪያው የሕግ ጉድለት ስለነበረበት ከሆነ ጥፋተኝነቱ ቀረ ማለት ነው። ለምሳሌ ጠበቃው ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ሳይነግረው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ ይህን መንገር የተከላካይ ጠበቃ ግዴታ ነው ብሏልና። ኢክስፐንጅ ግን ከዚህ ይለያል። ፍርዱ ስሕተት ነበር አይልም። ከእንግዲህ አይታይ ይላል።

የሚገርመው ግን ያው ልጅ ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ቀጣሪ ኢክስፐንጅ የተደረገን ክስ ንገረኝ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ልጅዎም ሳያነሳው ማለፍ መብቱ ነው። ይህ መብት ሥራ ለሚያመለክት ወገን ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ራሱ ላይ ይፈርዳል። አንድ ችግር አለ። የባክግራውንድ ቼክ ኩባንያዎች መረጃውን በጅምላ ገዝተው ያስቀምጣሉ፤ ፍርድ ቤቱ ሲሰርዝ የነሱ ቅጂ ሳይታደስ ሊቀር ይችላል። የድሮው ክስ ብቅ ካለ ልጅዎ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አያይዞ በጽሑፍ ይቃወም። የፌዴራሉ ሕግ ኩባንያዎቹ የሚያወጡት መረጃ ትክክል እንዲሆን የሚገባውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያስገድዳቸዋል።

አሁን በአማርኛ ምን እንበለው? እኔ «ከመዝገብ ተሰርዟል» እላለሁ። በዚህ ምርጫ የምጸናው ለቋንቋ ውበት ብዬ አይደለም። «ጠፋ» ሲሉት ሰው የለም ብሎ ይረዳል፤ ከዚያ ፎርሙ ላይ «የለም» ብሎ ይሞላል። «ተደመሰሰ» ከዚያም ይብሳል። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ኃጢአቴን ደምስስ ብለን የምንለምንበት ቃል ነው፤ ዱካ የማያስቀርን ምሕረት ከፍርድ ቤት ወረቀት ጋር ማስተካከል አይገባም። «ሰረዘ» ግን ልኩ ነው። የተሰረዘ ጽሑፍ መስመር ይሰመርበታል እንጂ ከሥሩ ይነበባል። ደስ የሚለኝ ሌላም ነገር አለው። ላቲኑ ግስና ሥርዓተ ነጥብ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ ሥር እንደወጡ አይተናል። የኛም «ሰረዘ» ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ከምንላቸው ምልክቶች ጋር አንድ ሥር ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ጽሑፍን ሲያርሙ ያደረጉትን የእጅ ሥራ በቃሉ ውስጥ አስቀምጠውታል።

«ሲልድ» የሚባለውን ደግሞ «የታሸገ» በሉት፤ «የተዘጋ» አትበሉት። አገር ቤት መዝገቡ ተዘጋ ማለት ጉዳዩ አልቆ ተዘጋ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የተዘጋ ጉዳይ ሁሉ የታሸገ አይደለም። አብዛኛው ተዘግቶም ለማንም ክፍት ነው። ብዙ ሰው «ኬዜ ተዘግቷል» ብሎ ተማምኖ ተቀምጧል፤ ሪከርዱ ግን ኢንተርኔት ላይ ይታያል።

በኢትዮጵያ ሕግ የሚቀርበው ነገር «መሰየም» ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ እንዲሰየም ይፈቅዳል። ከተሰየመ ቅጣቱ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይገመታል። ለአዛውንት ስታብራሩ «እንደ መሰየም ያለ» ብትሉ ሐሳቡን ይይዙታል። ለአሜሪካ ሰነድ ትርጉም ግን አትጠቀሙበት። መሰየም ለተፈረደበት ሰው ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን በነፃ የተለቀቀ ሰውም ክሱን ኢክስፐንጅ ማስደረግ ይችላል።

ለልጅዎ የሚቀረው ሥራ ይህ ነው። ከጠበቃው የክሱን ውጤት የሚያሳይ፣ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ቅጂ እንዲያገኝ ይጣር። መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ «እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም» ሊባል ይችላል፤ ኢሚግሬሽን ግን ወረቀቱን ይፈልጋል። ጠበቃው ፋይሉ ውስጥ ቅጂ ሊኖረው ይችላልና ሳይውል ሳያድር ይጠየቅ። ሌላ ቤተሰብ ገና ለኢክስፐንጅመንት ሊያመለክት ከሆነ የተረጋገጠውን ቅጂ ቀድሞ ያውጣ፤ ከዚያ ይሰርዝ። ቀጥሎ ልጅዎ ፎርሙን ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂድ፤ የወንጀል ጠበቃው ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ሲሄድም «ሪከርዴ ጠፍቷል» አይበል። «ተይዤ ነበር፣ ክሱ እንዲህ ተጠናቀቀ፣ በኋላ ከመዝገብ ተሰርዟል» ይበልና ወረቀቱን ያሳይ።